የሟች አረጋዊ መታሰቢያ በቤተ እስራኤል ቤተ ሰብ ዘንድ

መግቢያ

በኢትዮጵያ ልማድ ሽምግልና የደረሰ ሰው በሞተ ጊዜ ከሞቱ ይልቅ አሟሟቱና አቀባበሩ ብዙ ያነጋግራል። ልጆቹ ደርሰው አፈር አልብሰውት እንደ ሆነ፥ ካህን ጸሎት አድርሶለት እንደ ሆነ፥ ተዝካሩም ወጥቶለት እንደ ሆነ ይጠየቃል። ይህ ሁሉ የተፈጸመለት አረጋዊ በወጉ ተሸኘ ይባላል፤ ያልተፈጸመለት ግን ለልጆቹ የማይሽር ቍስል ሆኖ ይቀራል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በጎንደር፥ በስሜንና በትግራይ ለብዙ መቶ ዓመታት የኖሩትና ዛሬ አብዛኞቹ በእስራኤል አገር የሚገኙት ቤተ እስራኤል ይህን ወግ እንዴት ይፈጽሙት እንደ ነበረና፥ አገር በለወጡ ጊዜ ወጉ ምን እንደ ደረሰበት መግለጥ ነው። በቀድሞ ዘመን መጻሕፍት ይህ ሕዝብ «ፈላሻ» እየተባለ ተጽፏል። ሕዝቡ ግን ስሙን እንደ ስድብ ስለሚቈጥረው ራሱን ቤተ እስራኤል ብሎ ይጠራል፤ በዚህም ጽሑፍ የሚሠራበት ይኸው ስም ነው። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

በብዙ ሕዝብ ዘንድ የሟች መታሰቢያ ከመቃብሩ ጋር የተያያዘ ነው። ቤተ እስራኤል ግን በጎንደር ከተማ አጠገብ በወለቃ፥ ከዚያም ራቅ ብሎ በአምቦበርና በሌሎችም መንደሮች የአያቶቻቸውን መቃብር ትተው ሄደዋል። በስደት መንገድ ላይ የሞቱትማ ምልክት ያለው መቃብር እንኳ የላቸውም። እንግዲህ መቃብሩ የራቀ ወይም ከቶ ያልታወቀ ሽማግሌ በምን ይታሰባል? ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመስጠት በመጀመሪያ የጥንቱን ሥርዓት መመልከት ያስፈልጋል።

ሰባቱ ቀን

በቤተ እስራኤል ሥርዓት የሰው ሬሳ ከሁሉ የከፋ ርኵሰት ያመጣል። ሕጉ የተወሰደው ከኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 19 ነው። በዚያ እንደ ተደነገገው፥ ሬሳ ወይም የሰው አጥንት ወይም መቃብር የነካ ሁሉ ሰባት ቀን ርኩስ ይሆናል፤ በሦስተኛውና በሰባተኛው ቀን የቀይ ጊደር ዐመድ የተጨመረበት ውሃ ተረጭቶ ይነጻል። የኢየሩሳሌም ቤተ መቅደስ በ70 ዓ.ም. በሮማውያን እጅ ከፈረሰ በኋላ በሌሎች አይሁድ ዘንድ የዐመዱ ሥርዓት ቀርቷል፤ ዛሬም በሕጉ መሠረት ከሬሳና ከመቃብር እንዲርቁ የሚገደዱት ከአሮን ዘር የሆኑት ካህናት ብቻ ናቸው። ቤተ እስራኤል ግን የረቢዎች ትምህርት ሳይደርሳቸው ስለ ኖሩ፥ የኦሪቱን ቃል ለሕዝቡ ሁሉ እንደ ተሰጠ ሕግ አድርገው ጠብቀውት ቈይተዋል።

ስለዚህ አንድ አረጋዊ በሞተ ጊዜ ሬሳውን የሚያጥቡት፥ የሚገንዙትና የሚቀብሩት ጥቂት ሰዎች ብቻ ነበሩ። እነዚህም ከቀብር ሲመለሱ ወደ ቤታቸው አይገቡም። ከመንደሩ ዳር በተለየ ስፍራ ሰባት ቀን ይቀመጣሉ፤ ምግባቸውንም ሌላ ሰው ሳይነካቸው ያቀብላቸዋል፤ በመጨረሻ ገላቸውንና ልብሳቸውን አጥበው ከሰው ይቀላቀላሉ። ቄሱም ንጽሕናውን ለመጠበቅ ራቅ ብሎ ቆሞ ጸሎተ ፍትሐቱን ያደርሳል።

መቃብሩ ከመንደር ውጭ ነው። በቀድሞው ልማድ ብዙውን ጊዜ ድንጋይ ይከመርበታል እንጂ ስም የተጻፈበት ሐውልት አይቆምበትም። በዚህ ረገድ ከክርስቲያን ጎረቤቶቻቸው እጅግ ይለያሉ። ክርስቲያኑ ሙታኑን በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ ስለሚቀብር፥ ለመሳለም በሄደ ቍጥር በአባቱና በእናቱ መቃብር አጠገብ ያልፋል። ቤተ እስራኤል ግን መስጊድ ብለው የሚጠሩትን የጸሎት ቤታቸውንና የሙታናቸውን ስፍራ አራርቀው ያኖራሉ፤ ወደ መቃብር የሄደ ሰው ወደ መስጊድ ለመግባት ሰባት ቀን መጠበቅ አለበትና።

ይህ ሁሉ ሲታይ ለሟች ፍቅር ያነሰ ሊመስል ይችላል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። እናቱን አጥቦ የገነዘ ልጅ ርኩስ የሚሆነው በደል ስለ ሠራ አይደለም፤ ከእናቱ ጋር የነበረውን የመጨረሻ ግዴታ ስለ ፈጸመ ነው። ከሰው ተለይቶ የሚቀመጥባቸው ሰባት ቀናት ሰው ሁሉ የሚያየው የልጅነቱ ምስክር ናቸው።

ልቅሶው ራሱ ከአካባቢው ልቅሶ ብዙ አይለይም። ሴቶች ደረታቸውን ይመታሉ፤ አልቃሽ ሙሾ ታወርዳለች፤ የሟቹ ዘር፥ ሙያና ደግነት አንድ በአንድ ይነሣል። ወንዶቹ በቀጥቃጭነትና በሽመና፥ ሴቶቹም በሸክላ ሥራ የታወቁ ስለ ነበሩ፥ ሽማግሌው ቀጥቃጭ እንደ ሆነ መዶሻውና ወናፉ፥ አሮጊቷም ሸክላ ሠሪ እንደ ሆነች የእጅዋ ሥራ የሚነሣበት ጊዜ ነው። በየቤቱ የሚሠራባት እንስራና ድስት ከሠሪዋ በኋላ ስለምትቈይ፥ የአያት እጅ ከመቃብርዋ ይልቅ በጓዳ ውስጥ ይገኛል።

ተዝካር

ሰባቱ ቀን ሲፈጸም ተዝካር ይወጣል፤ በዓመቱም ይደገማል። ክርስቲያኖች ሣልስት፥ አርባ፥ ሰማንያና ሙት ዓመት እያሉ ሲቈጥሩ፥ የቤተ እስራኤል ሐሳብ በይበልጥ የሚያርፈው በሰባተኛው ቀንና በዓመቱ ላይ ነው። ወራቸው በጨረቃ የሚቈጠር ስለሆነ ቀኑን ዐውቆ የሚያስታውቀው ቄሱ ነው። የሞቱ ቀን ካልታወቀ ዓመቱን መቍጠር አይቻልም፤ ይህ ነጥብ ወደ ኋላ ስለ ስደቱ ሲነገር ትልቅ ትርጕም ይኖረዋል።

በተዝካሩ ዕለት ጠላ ይጠመቃል፤ ዳቦና እንጀራ ይጋገራል፤ እንደ ቤቱ ዐቅምም ከብት ይታረዳል። ቄሶች በግዕዝ፥ በአንዳንድ ስፍራም ከአገውኛ ጋር በተቀላቀለ ቃል ጸሎት ያደርሳሉ፤ ኅብስቱን ባርከው ለሕዝቡ ያድላሉ። ጎረቤት፥ ድኻና መንገደኛ ሁሉ ይበላል። ክርስቲያንና ቤተ እስራኤል አንዱ የሌላውን ሥጋ ስለማይበሉ፥ ክርስቲያን ወዳጆች በተጠሩ ጊዜ ክርስቲያን ያረደው ከብት ለብቻ ይሰናዳላቸው ነበር። ሃይማኖት የለየውን ማዕድ ለሽማግሌው ክብር ሲባል ጎን ለጎን ማቅረብ የተለመደ ነበረ ማለት ነው።

ተዝካር ከግብዣ የሚለየው ዕዳ በመሆኑ ነው። የአባቱን ተዝካር ያላወጣ ልጅ አበዳሪው ያልጠየቀው ባለ ዕዳ እንደ ሆነ ይቈጠራል፤ ሰው ዝም ቢለው እንኳ ራሱ ዝም ሊል አይችልም። በክፉ ዘመን አዝመራው እስኪደርስ ሊያዘገየው ይችላል፤ ሊረሳው ግን አይችልም።

በቄሶች ዘንድ ከሚገኙት የግዕዝ መጻሕፍት መካከል ስለ አባቶች አሟሟት የሚናገሩ አሉ። ገድለ አብርሃም፥ ሞተ አሮንና ሞተ ሙሴ ከእነዚህ ይቈጠራሉ። ሞተ ሙሴን ዣክ ፋይትሎቪች በ1906 በፓሪስ አሳትሞታል። በዚህ ታሪክ ሙሴ የሚሞትበት ዕለት ዐርብ መሆኑን ከተረዳ በኋላ ዐርብ በመጣ ቍጥር ለሞት ይዘጋጃል። የሚያስለቅሰውም የራሱ ሞት ሳይሆን የሚተዋቸው ልጆቹ ናቸው። እግዚአብሔርም ባሕሩን በበትሩ እንዲመታ ያዝዘዋል፤ ከባሕሩ ውስጥ ድንጋይ ይወጣል፤ ድንጋዩ ሲሰነጠቅ በውስጡ ሕያው ትል ይገኛል። ይህን ትል ያልረሳ አምላክ የሙሴን ልጆች እንደማይረሳ በዚህ ይነገረዋል። በመጨረሻ ሙሴ በሰው አምሳል መቃብር ሲቈፍሩ የነበሩ መላእክትን ያገኛል፤ መቃብሩ በልኩ የተቈፈረ መሆኑን ለማየት ይገባና በዚያው ያርፋል።

ታሪኩ ለመታሰቢያ ሥርዓት ሁለት ትምህርት ይሰጣል። አንደኛው፥ ሽማግሌ በሚሞትበት ጊዜ እርሱም ልጆቹን እያሰበ የሚሄድ መሆኑ ነው፤ ልጆች ሲያስቡት የእርሱን ሐሳብ ይመልሱለታል። ሁለተኛው ደግሞ ከኦሪት ዘዳግም ጋር ሲነበብ ይገለጣል። በዚያ እንደ ተጻፈው የሙሴን መቃብር ያወቀ ሰው የለም። ከአባቶች ሁሉ የሚበልጠው አባት መቃብሩ ያልታወቀ ሲሆን፥ መታሰቢያው ግን ከሁሉ ይልቅ የጸና ነው።

ስም

ከተዝካር ቀጥሎ የሟችን መታሰቢያ የሚይዘው የዘር ቈጠራ ነው። በቤተ እስራኤል ዘንድ እስከ ሰባት ትውልድ የተዛመዱ ሰዎች አይጋቡም። ስለዚህ ለጋብቻ ሲጠያየቁ የሁለቱ ወገን ሽማግሎች ተቀምጠው አባትን፥ አያትን፥ ቅድመ አያትን እያሉ ወደ ላይ ይቈጥራሉ። በዚህ ጊዜ ከሞተ ብዙ ዘመን የሆነው ሰው ስሙ፥ መንደሩና የወለዳቸው ልጆች ይነሣሉ። ሟቹ በልቅሶ ቤት ብቻ ሳይሆን በልጅ ልጆቹ የእጮኝነት ጉባኤ ላይም ተጠርቶ እንደ ምስክር ይቆማል።

ይህ የቤተ እስራኤል ብቻ ልማድ አይደለም። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ከአምቦ አልፎ በነቀምት መንገድ ላይ በምትገኘው በጌዶና በአካባቢዋ የሚኖረው የሜጫ ኦሮሞም በአንድ ጎሣ ውስጥ ጋብቻን ስለሚከለክል፥ ልጆች የአባቶቻቸውን ስም በቃል እንዲያጠኑ ያደርጋል። የጌዶ ልጅና የአምቦበር ልጅ በቋንቋና በሃይማኖት ቢለያዩም፥ አያቱን ያላየ ሕፃን የአያቱን ስም በአፉ ይዞ የሚያድግ በመሆኑ ይገናኛሉ። በሁለቱም ዘንድ መታሰቢያውን የሚጠብቀው ጽሕፈት ሳይሆን የሕያዋን ሽማግሎች አእምሮ ነው።

ቤተ እስራኤል ወደ እስራኤል አገር በገቡ ጊዜ ይህ የስም ሥርዓት ከመዝገብ ቤት ጋር ተጋጨ። በኢትዮጵያ ሰው በራሱና በአባቱ ስም ይጠራል፤ ለዘር የሚተላለፍ የቤተ ሰብ ስም የለውም። በእስራኤል ግን የቤተ ሰብ ስም ግዴታ ስለሆነ፥ መዝጋቢዎች ለአንዱ የአባቱን፥ ለሌላው የአያቱን ስም በዚያ ቦታ ጻፉ። አንዳንድ ጊዜም የአንድ እናት ልጆች በተለያየ የቤተ ሰብ ስም ተመዘገቡ። ለብዙ ልጆችም የዕብራይስጥ ስም ወጣላቸው።

ከዚህ የተነሣ አስገራሚ ነገር ሆነ። የልጁን የራሱን ስም የለወጠው መዝገብ የአያቱን ስም ለልጅ ልጅ አቆየው። ከመንደሩ ርቆ የማያውቅ የጎንደር ገበሬ ወይም ቀጥቃጭ ስም ዛሬ በመታወቂያ ወረቀት፥ በትምህርት ቤት መዝገብና በቤት በር ላይ ተጽፎ ይገኛል። ሆኖም ይህ ትርፍ ጕዳትም አለበት። በሽማግሎች ቃል ሰባት የነበሩት ስሞች በወረቀት ላይ አንድ ሆነዋል። መዝገቡ አንዱን አያት ሲያስታውስ ስድስቱን ይተዋል።

መርዶ

በኢትዮጵያ ልማድ የሞት ወሬ እንዲሁ አይነገርም። ዘመዱ የሞተበት ሰው ሩቅ አገር ያለ እንደ ሆነ፥ ብቻውን ሳለ እንዳይሰማ ወሬው ይደበቃል፤ ቀን ተመርጦ ሽማግሎችና ዘመዶች ሲሰበሰቡ ብዙውን ጊዜ በማለዳ ይረዳል። ልቅሶውም የሚጀምረው ሟቹ ከሞተበት ሳይሆን መርዶው ከደረሰበት ዕለት ነው። ቤተ እስራኤልም ይህን ልማድ ከአገራቸው ጋር ይዘውት ሄደዋል።

የረቢዎች ሕግ ስለ ዘገየ ወሬ የራሱ ድንጋጌ አለው። የሞቱ ወሬ በሠላሳ ቀን ውስጥ የደረሰው ሰው ሰባቱን ቀን በሐዘን ይቀመጣል፤ ከሠላሳ ቀን በኋላ የሰማ ግን ጥቂት ሰዓት መቀመጥ ይበቃዋል። ይህ ሕግ ጊዜ ሐዘንን እንደሚያለዝብ ይገምታል። መርዶ ግን በተቃራኒው ሐዘን የሚለካው በመስማት ነው ይላል። አባቱ ከሞተ ሦስት ዓመት ቢያልፍም፥ ለሰማው ልጅ የሞተው ዛሬ ነው። ስለዚህ ከኢትዮጵያ የመጣ ሰው በእስራኤል አገር መርዶ ሲደርሰው ጥቂት ሰዓት ብቻ አልቅሶ መነሣት ለአባቱ ያነሰ ክብር መስሎ ይታየዋል።

በመርዶ የሚያዝን ልጅ ላይ የጥንቱ የንጽሕና ሕግ በሌላ መልክ ይመለስበታል። ሬሳውን ስላልነካ ርኵሰት የለበትም፤ ከመንደር ዳር ሰባት ቀን መቀመጥም አይገደድም። ነገር ግን ይህ ንጽሕና ለእርሱ ጸጸት ነው፤ አባቱን ሌላ ሰው አጥቦ እንደ ቀበረው ይመሰክርበታልና።

የሱዳን መንገድ

ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ብዙ ሺህ ቤተ እስራኤል ኢየሩሳሌም እንገባለን ብለው በእግራቸው ወደ ሱዳን ወረዱ። ጕዞው በሌሊት፥ በበረሓና በወንበዴ መካከል ነበረ። በሱዳንም በገዳሪፍ አካባቢና በኡም ራኩባ በመሳሰሉት የስደተኞች ሰፈሮች ረኃብና በሽታ ጠበቃቸው። ከኅዳር 1984 እስከ ጥር 1985 በተካሄደው «ዘመቻ ሙሴ» ወደ 8,000 የሚሆኑ ሰዎች በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ተወሰዱ። በመንገድና በሰፈሩ የሞቱት ግን ወደ 4,000 እንደሚደርሱ ይገመታል። ከእነዚህም ብዙዎቹ ሕፃናትና አረጋውያን ነበሩ። በኋላም በግንቦት 1991 በ«ዘመቻ ሰሎሞን» ከ14,000 የሚበልጡ ሰዎች በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ከአዲስ አበባ ተወሰዱ። ለዓመታት የተለያዩ ዘመዶች ሲገናኙ ደስታውና መርዶው በአንድነት መጣ።

በሱዳን የሞተ ሽማግሌ የጎደለበት መቃብር ብቻ አልነበረም። ስደተኞቹ አይሁድነታቸውን ይሸሽጉ ስለ ነበረ ጸሎቱን በግልጥ ማድረስ አልተቻለም፤ ልቅሶውም በዝቅታ ሆነ። የቀበሩት ልጆች ሰባት ቀን ተለይተው የሚቀመጡበት ዳርቻ አልነበራቸውም። የጨረቃው ወር ቈጠራ በጠፋበት ስፍራ የሞቱ ቀን ተረሳ። ዳቦ የሚጋገርበት እህልም አልነበረም። ለተዝካር የሚያስፈልጉት ነገሮች፥ ማለት ቄሱ፥ ቀኑና ማዕዱ፥ ሁሉም በአንድ ጊዜ ታጡ።

ከዚህ ላይ በመግቢያው የተነሣው ጥያቄ መልስ ያገኛል። በወለቃና በአምቦበር የቀሩት መቃብሮች የቤተ ሰቡን መታሰቢያ አላቋረጡም፤ መታሰቢያው መጀመሪያም በመቃብሩ ላይ አልተመሠረተምና። ቀኑን የሚያውቅ ቤተ ሰብ በእስራኤል አገርም ተዝካሩን ያወጣል። ዛሬ በየከተማው አዳራሽ ተከራይተው፥ መረዳጃ ማኅበር አቋቁመው፥ እንጀራና ዳቦ አዘጋጅተው ብዙ ሰው ጠርተው ያስባሉ። የሌሎቹን አይሁድ ልማድ፥ ይኸውም በሙት ዓመት መብራት ማብራትንና ቃዲሽ የተባለውን ጸሎት ማድረስን ከዚህ ጋር ያዋሐዱ አሉ። መታሰቢያው የተሰበረው ቀኑና ሥርዓቱ በአንድነት በጠፉበት በሱዳን መንገድ ላይ ነው።

የጋራ ቀን

ለዚህ ስብራት የተገኘው መፍትሔ ለሁሉም አንድ ቀን መወሰን ነው። በአይሁድ አቈጣጠር ኢያር በተባለው ወር በ28ኛው ቀን፥ የኢየሩሳሌም ቀን በሚከበርበት ዕለት፥ ወደ ኢየሩሳሌም ሲጓዙ የሞቱት ቤተ እስራኤል ይታሰባሉ። በኢየሩሳሌም በሄርጽል ተራራም በ2007 መታሰቢያ ተመርቆላቸዋል። በዕለቱ የመንግሥት ሹማምንት ይገኛሉ፤ ቄሶችም በግዕዝ ጸሎት ያደርሳሉ። የሕዝቡ ዋና በዓል የሆነው ስግድም በ2008 በሕግ የአገሩ በዓል ሆኖ ታውጇል።

መቃብሩ ላልታወቀ ሰው የጋራ ቀን መስጠት በዚያ አገር እንግዳ ነገር አይደለም። የእስራኤል መንግሥት የመቃብራቸው ስፍራ ያልታወቀ ወታደሮችን የሚያስበው አዳር በተባለው ወር በ7ኛው ቀን ነው። ይህም ቀን በአይሁድ ትውፊት ሙሴ የሞተበት ቀን ነው። የቄሶቹ ሞተ ሙሴና የረቢዎቹ ትውፊት ሳይተዋወቁ በአንድ ሐሳብ ተገናኝተዋል፤ መቃብር የሌላቸው ሁሉ ከሙሴ ጋር ይቈጠራሉ።

የሄርጽል ተራራው መታሰቢያ ለቤተ እስራኤል ሽማግሎች ሌላም የሚስማማ ነገር አለው። በሥሩ የተቀበረ ሬሳ የለም። ስለዚህ በጥንቱ ሕግ ከመቃብር ራቅ ብሎ ይቆም የነበረው ቄስ በዚህ ቀርቦ ሊጸልይ ይችላል፤ የመጣውም ልጅ ሰባት ቀን ሳይለይ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ይሁን እንጂ የጋራ ቀን የቤተ ሰብን ቀን ሙሉ በሙሉ አይተካም። ተዝካር የአንድ ሰው ነው፤ የሚነሣውም የእርሱ ዘር፥ የእርሱ ሙያና የእርሱ ደግነት ነው። በተራራው ላይ አራት ሺህ ሰው በአንድነት ሲታሰብ እያንዳንዱ ሽማግሌ በስሙ የሚጠራው ስሙን በሚያውቅ ዘመዱ አፍ ብቻ ነው። እስከ ሰባት ትውልድ መቍጠር የሚችሉት፥ በየትኛው ወንዝ ዳር ማን እንደ ተቀበረ የሚያስታውሱት ሰዎች ዛሬ ራሳቸው አርጅተዋል። ስለዚህ የሕዝብን ወግ የሚመረምሩ ሰዎች በቅድሚያ ሊያደርጉት የሚገባው ሥራ ስለ ሥርዓቱ መጻፍ ብቻ ሳይሆን፥ ስሞቹን እስከ ሰባተኛው ድረስ ከእነዚህ አረጋውያን አፍ ተቀብሎ መመዝገብ ነው።